ቂሜን አዝዬ ወደ ናይሮቢ

ሰው ውጭ አገር የሚሄደው ለማየት ነው ይባላል። እኔ የሄድኩት አንድ ሰው ለማናደድ ነው። በዚህ አላፍርም፤ የማፍርበት ሌላ ነገር አለኝ፤ እሱን ልነግራችሁ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። እንጅባራ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይቼ ልብስ እሰፋለሁ። በመስከረም የተማሪ ዩኒፎርም፣ በጥር ደግሞ ኮርቻ ላይ የሚነጠፈውን ያጌጠ ግላስ። በእኛ አገር ፈረሰኛ በዓል ሲደርስ ከራሱ ልብስ ይልቅ የፈረሱ ልብስ ነው የሚያስጨንቀው፤ ስለዚህ ጥር በመጣ ቁጥር ሱቄ ቀይና አረንጓዴ ጨርቅ ይሞላል። ባንቺአምላክ እባላለሁ፤ ሰው ባንች ይለኛል። ከእንጅባራ የራቅኩት ቢበዛ ባሕር ዳር ድረስ ነበር፤ እሱም ጨርቅ ለመግዛት፣ በዚያው ቀን ተመላሽ።

ሙሉቀን ለሦስት ዓመት እጮኛዬ ነበር። ሽማግሌ ልኮ፣ ቀለበት አስሮልኝ፣ እናቴ «ልጄ» እያለች የምትጠራው ሰው ነበር። መሥሪያ ቤቱ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ናይሮቢ ላከው። ሁለት ሳምንት ብቻ! ሲመለስ ግን እዚያ ተወልዶ ያደገ መሰለ። ሻይ ሲቀርብለት «ናይሮቢ እኮ ሻይ በወተት ነው» ይላል፤ ባጃጅ ሲሳፈር «ናይሮቢ እኮ…» ይላል። አንድ ረጅም ሕንፃ ሥር እጁን ኪሱ ከቶ የተነሣውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ሲለጥፍ የመጀመሪያዋ አድናቂ እኔ ነበርኩ። «ያምርብሃል ፍቅሬ» ብዬ ጻፍኩ። አሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

በጥቅምት እነዚያኑ ሽማግሌዎች መልሶ ላካቸው። ልጁ ሐሳቡን ቀይሯል አሉ። እናቱ እትየ ጥሩዓለም አብራቸው መጥታ ነበር። አጎቴ «ልጃችን ምን አጠፋች?» ብሎ ሲጠይቅ ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ፤ እሷ ግን አላቀረቀረችም።

«ባንች ምንም አላጠፋች፤ ጥሩ ልጅ ናት» አለች። «ግን ልጄ ዓለም አይቷል። እሷ ከዳንግላ ገበያ አልፋ ምን ታውቃለች?»

እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ እሰማ ነበር። ከሙሉቀን ክህደት ይልቅ ይቺ ቃል አጥንቴ ውስጥ ገባች። ቀለበቱን መልሺ ሲሉኝ አልመልስም አልኩ። አጎቴ ተቆጣ፣ እናቴ ለመነች፤ አልመለስኩም።

ሦስት ወር እንደዚያ እየተብሰለሰልኩ ቆየሁ። በጥር ወር አንድ ረቡዕ ግላስ ሊወስድ የመጣ ደንበኛዬ፣ ነገሩን ሳያውቅ፣ «እሑድ እኮ የሙሉቀን ሠርግ ነው፤ ሙሽራዋ የባሕር ዳር ልጅ ናት አሉ» አለኝ። ግላሱን አጣጥፌ ሰጠሁት፤ ሱቄን ዘጋሁ፤ ቤት ገብቼ ሳጥኑን ከፈትኩ። ፓስፖርቴና የክትባት ካርዴ እዚያ ነበሩ። ያስወጣልኝም ራሱ ሙሉቀን ነው፤ ለጫጉላችን ናይሮቢ ይዞኝ ሊሄድ። እንግዲያው ያለ እሱ እሄዳለሁ አልኩ። የሚያገባ ዕለት እነሣለሁ፤ እዚያው ሕንፃ ሥር ቆሜ ፎቶ እነሣለሁ፤ እሱ ከነሙሽራው ያያል፤ እናቱም ታያለች። ሐሙስ ጠዋት ቀለበቱን ሸጥኩ፤ የጎደለውን ከስፌቱ ጨምሬ ከባሕር ዳር የሚነሣውን የእሑዱን የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጥኩ። ቲኬቱን እጄ ሳስገባ እንዴት እንደሳቅኩ! ሻጯ ልጅ ያበድኩ ሳይመስላት አልቀረም።

ዝግጅቴን እንዴት ልንገራችሁ? ስልኬ ላይ ቦርሳ አዝለው ብቻቸውን ዓለምን የሚዞሩ ልጆችን ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። የት እንደሚያድሩ አስቀድመው ይይዛሉ፤ መንገዱን ያጠናሉ፤ የሚያውቁት ሰው ቁጥር ይጽፋሉ። እኔ ያንን ያንን እያለፍኩ ቦርሳቸውን ብቻ ነበር የማየው። የእኔ ዕቅድ ያ ሕንፃ ብቻ ነበር። ስሙን አላውቅም። የት እንደማድር አላውቅም። እንግሊዝኛዬን አሥረኛ ክፍል ትቼው ነው የወጣሁት። ፈረስ ከሚጫንበት ወፍራም ሸራ ቦርሳ ሰፋሁ፤ ትከሻዬን እንዳይቆርጠኝ ማንገቻውን በተረፈኝ የግላስ ጨርቅ ሸፈንኩት። ሳዝለው በዓል የሚወጣ ፈረስ መሰልኩ። ደስ አለኝ፤ ከሩቅ እንዲያዩኝ ነዋ የምፈልገው።

እናቴ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየች።

«ምን ጎደለሽ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ሥራ አገኘሽ?»

«አይ፤ ለማየት ነው።»

«ምን ለማየት?»

«አገሩን።»

«ሰው ብቻውን ይሄዳል? ወይ ለንግሥ ነው፣ ወይ ለለቅሶ ነው፣ ወይ ለእንጀራ ነው። ለማየት ብሎ ማን ሄዶ ያውቃል?» አለችና ወደ ውስጥ ገብታ ከአክስቴ ጋር በአገውኛ ታወራ ጀመር። ወደ አገውኛ ስትዞር ነገሩ ከብዷታል ማለት ነው።

ሠፈርተኛው ደግሞ ዐረብ አገር ልትሄድ ነው ብሎ ወሰነ። ጎረቤታችን አልቅሳ ተሰናበተችኝ። ሌላዋ ቤይሩት ላለች ልጇ ሚጥሚጣ ይዛ መጣች። «ናይሮቢ እኮ ቤይሩት አይደለም» ስላት «እዚያው ነው፤ ስትደርሽ ትጠይቂያለሽ» ብላ አስቀምጣልኝ ሄደች። ያን ሚጥሚጣ እናቴ አስመለሰችልኝ።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ውስጥ የመጨረሻዎቹን ግላሶች ስዘመዝም በሩን ሰው ጋረደው። እትየ ጥሩዓለም ነበረች።

«ቤቶች» አለች።

«ይግቡ» አልኳት፤ መቀሱን ከእጄ ሳላስቀምጥ። አንቱ የምላት በአፌ ብቻ ነበር።

«አልቀመጥም፤ ድግስ ጥየ ነው የመጣሁ።» እጇ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ወደ መንገዱ ዞር ብላ አየችና ከነጠላዋ ሥር በአቡጀዴ ጠቅልላ ዙሪያውን በክር የሰፋችውን ዕቃ አወጣች። «ናይሮቢ ነው አሉኝ የምትሄጅው።»

«አዎ።»

«ይመኙሽ ወልዳለች።»

ይመኙሽ የሙሉቀን ታናሽ እህት ናት። ከአራት ዓመት በፊት በሞያሌ በኩል ወጥታ ናይሮቢ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች። እኔና እሷ እንዋደድ ነበር፤ ነገሩ ከፈረሰ ወዲህ ግን የደወለችልኝን ሁሉ አላነሣሁም።

«መቼ?» አልኩ።

«ሁለት ወር አልፏታል። ሴት ናት። አባትየው ደቡብ አፍሪካ ብሎ ሄዶ ድምፁ ጠፋ። ሙሉቀን አያውቅም፤ ናይሮቢ የሄደ ጊዜም ሆዷን እንዳያይ ብላ ሳታገኘው ቀረች፤ እኔም ከሠርጉ በፊት እንዳይሰማ ብየ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጄን ያረሳት የለም፣ ባንች። በወለደች በሳምንቷ እሳት ፊት ቆማለች። አሁን ሰማንያው ሊደርስ ነው፤ ክርስትና ታስነሣለች። ይኸ የገንፎ እህል ነው፤ አብሹን በእጄ ነው የቆላሁ። ቅቤም አለበት። የልጅቱን ማተብ ከደብራችን አስባርኬ ከመሐል አድርጌዋለሁ።»

«እትየ ጥሩዓለም፣ እኔ እኮ ከዳንግላ ገበያ አልፌ አላውቅም» አልኳት። «እንዴት ብዬ አገኛታለሁ?»

ፊቷ ተለወጠ። እንደሰማኋት አታውቅም ነበር። ዕቃውን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣

«ብትቀየሚኝ እውነት አለሽ» አለች። «በሌላ ቀን ብትሰድቢኝም እችላለሁ። ይኸ ግን አደራ ነው። ብትጠይኝም አደራ አትበይም፤ ስለማውቅሽ ነው የመጣሁ።»

በእኛ ዘንድ አደራ ማለት እንዲህ ነው። ተጣልተው በአንድ መንገድ የማይሄዱ ሰዎች እንኳ፣ አንዱ በሌላው እጅ የላከውን ዕቃ ያደርሳሉ። የሰው ሚስት ነጠቀ የተባለ ሰው ከጊዜ በኋላ ይረሳለታል፤ አደራ በላ የተባለ ግን ስሙ ለልጆቹ ይተርፋል። ሴትየዋ ጠላቷ ፊት ቆማ ዕቃዋን የምትዘረጋው ለዚህ ነው።

«እሺ፤ ይስጡኝ» አልኩ።

እጄን ይዛ ሳመችው። ስትወጣ እንዴት እንደተደሰትኩ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ያቺ ሴት እጄ ላይ ወድቃለች! ምን እንደማደርግ ገና አላወቅኩም፤ ብቻ የምታጣው ነገር እኔ ዘንድ እንዳለ ማወቁ በቂ ነበር። ጨርቁ ላይ በእስክሪብቶ የይመኙሽ ስምና ስልክ፣ ከሥሩም የእትየ ጥሩዓለም የራሷ ስልክ ተጽፏል።

ቅዳሜ ቦርሳዬን ጫንኩ። ሁለት ሱሪ፣ ሹራብ፣ በሶ፣ ሳሙና፣ መርፌ፣ ክርና መቀስ። የአራሷን ዕቃ ከላይ አደረግኩት። እናቴ «የማነው?» ብትለኝ «የደንበኛዬ ነው» አልኳት።

እሑድ ጠዋት ባጃጁን በሠርጉ ድንኳን በኩል እንዲዞር አዘዝኩት። አቋራጭ ነበረ፤ ግን እንዲያዩኝ ነው። ሙሉቀን ሱፉን ለብሶ ከሚዜዎቹ ጋር መንገድ ዳር ቆሟል። ባጃጁን አስቆምኩና ቦርሳዬን አዝዬ ወረድኩ፤ ማንገቻዬን የማጠብቅ መስዬ።

«ባንች! የት ነው?» አለ።

«ናይሮቢ።»

«ከማን ጋር?»

«ከራሴ ጋር።»

ሦስት ወር ሙሉ ፊቱ ሲጠቁር ነበር በሐሳቤ የማየው። አልጠቆረም። ሣቀ። እንደ ሕፃን ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «በርቺ! ጃኬት ያዝ አድርጊ፤ ማታ ማታ ይበርዳል። ሰው እንዳያታልልሽ ደግሞ» አለኝ። ሚዜዎቹም ሣቁ። ባጃጁ ውስጥ ተመልሼ ቦርሳዬን አቀፍኩት። እሱን ልነካው አልቻልኩም። የሚነካ ነገር ያለኝ ቦርሳዬ ውስጥ ብቻ ነበር።

ሚኒባሱ ዳንግላ ላይ አራገፈን። የባሕር ዳር መኪና የሚገኘው በዚያኛው ጫፍ ነው ስላሉኝ ጋሪ ተሳፈርኩ። ባለጋሪው አምሳ የሚሆነው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ስንደርስ ዕቃውን አውጥቼ አንዱን ጥግ በመቀስ ቀደድኩት።

«ጋሼ፣ ይኸን ለፈረስዎ ይስጡት» አልኩ።

እጁን ከቶ ዘግኖ አሸተተው። «አብሽ አለው። የአራስ እህል አይደል እንዴ?»

«ተርፎ ነው።»

«ስልክም ተጽፎበታል።»

«ተርፎ ነው አልኩዎት እኮ!»

ቀና ብሎ አየኝ። የዘገነውን ወደ ከረጢቱ መለሰ፤ መዳፉን እንኳ አራገፈበት። «የአራስ እህል ለፈረስ አልሰጥም» አለና የቀደድኩትን ጥግ ቋጥሮ አቀበለኝ። ሲዞር ጠብቄ የጋሪው ወንበር ላይ ተውኩትና ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። «እህት! ዕቃሽን!» እያለ ሲጣራ መስኮቱን ዘጋሁት። እስከ ዱርቤቴ ድረስ ፈገግ እንዳልኩ ነበር። እውነቱን ነው የምነግራችሁ።

ስለ ናይሮቢ ብዙ የምለው የለኝም። ሁለት ቀን ስጠፋና ስገኝ፣ በእጅ ምልክት ስበላ ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን የሙሉቀንን ፎቶ ለመንገደኛው ሁሉ እያሳየሁ ሕንፃውን አገኘሁት። ሥሩ ቆሜ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ ተነሣሁ፤ ለጠፍኩት። ከዚያ ሙሉቀን እስኪያይ ስልኬ ላይ ተተክዬ ቀረሁ። መጀመሪያ የጻፈልኝ ግን እሱ አልነበረም።

«ባንችየ! እማ ነግራኛለች። የት ነሽ? ልምጣ» ይላል። ይመኙሽ ነች።

ጣቴ ቀድሞኝ «ዕቃሽን ኤርፖርት ላይ ወሰዱብኝ» ብሎ ጻፈ።

«እሱን ተይው፤ አንች የት ነሽ?»

ልጇን አዝላ መጣች። ጉንጯ ገብቷል። መንገድ ላይ አቅፋኝ አለቀሰች፤ አራት ዓመት የእንጅባራ ሰው አላቀፈችም። ስለ ዕቃው አንድ ጊዜ ብቻ «ማተቡንም ወሰዱት?» አለች፤ አዎ አልኳት። ማደሪያዬን ስታይ ሣቀችና ቦርሳዬን ነጥቃ ቤቷ ወሰደችኝ። ገንፎ ራሷ አገንፍታ አበላችኝ። አራሷ እኔን! ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«ሐሙስ ሰማንያዋ ነው። ክርስትና እናት የምትሆናት ሰው አጥቼ ነበር። እግዜር ነው ያመጣሽ።»

እምቢ የምልበት አፍ ከየት ይምጣ? ማታ ከስፌት ክሬ ጥቁሩን ገምጄ ማተብ ሠራሁ። ሐሙስ ቄሱ አሰሩላት፤ እኔ ታቅፌያት ቆምኩ። ልጅቷ ጣቴን ይዛ ተኛች። በዚያ ሰዓት እናቷ እኔን እንዳየችበት ያለ ምስጋና የሞላበት ዓይን ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያም ወዲህ።

 በሁለተኛው ሳምንት እንጅባራ ገባሁ። አበልጅ ሆኛለሁና የአያትየውን ቤት መርገጥ ግዴታዬ ነው። መንገድ ላይ ውሸቴን ደጋግሜ ተለማመድኩ። እትየ ጥሩዓለም ብቻዋን ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«እንኳን ለክርስትናዋ አደረሰዎ» አልኩ። «ዕቃው ኤርፖርት ላይ…»

«ተይ፣ ባንች» አለች፤ ቀና ሳትል። «ባለጋሪው በዚያው ቀን ደውሎልኛል። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ።»

የቆምኩበት ጠፋኝ። «ታዲያ ለምን አልነገሯትም?»

«ብነግራት በሯን ትዘጋብሽ ነበር። ልጄ ደግሞ አንች ብቻ ነበርሽ ያለሻት። ሠርግ ቤት ውስጥ እየተሞገስሁ፣ አፌን ይዤ ዋልሁ።» ምስሩን አስቀመጠች። «ይቅር ያልሁሽ ግን እንዳይመስልሽ።»

ስልኳን አውጥታ ደወለችና ዘረጋችልኝ። «አሁን ክርስትናው አልፏል። በራስሽ አፍ ንገሪያት።»

«ሃሎ፣ እማ?» አለች ይመኙሽ።

ነገርኳት። ከባጃጁ እስከ ጋሪው፤ የፈረሱን ሳይቀር። ስጨርስ ከወዲያ የልጅቷ ድምፅ ይሰማ ነበር። ይመኙሽ «ገንፎ አብልቼሻለሁ» አለችና ዘጋችው።

እናንተዬ፣ ከዚህ በኋላ ደግ ሰው ሆንኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ሙሉቀንን ዛሬም አልወደውም፤ ፎቶዬን አይቶት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ ያን ያህል የለፋሁት ግን ለዚያ ፎቶ ነበር። በቀል የሚያምራችሁ ካላችሁ ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ የምትመቱት ሰው ያ ያስቀየማችሁ ሰው መሆኑን አይታችሁ ምቱ። እኔ ሙሉቀን ላይ አነጣጥሬ ያገኘሁት ያረሳት የሌላትን ሴት ነው።

የክርስትና ልጄ ዓመት ሊሞላት ነው። ይመኙሽ ስልኬን አታነሣም። በየሁለት ወሩ ቀሚስ እየሰፋሁ ለእትየ ጥሩዓለም እወስዳለሁ፤ ተቀብላ ሰው በተገኘ ጊዜ ትልካለች፤ በእኔ እጅ ግን ምንም ልካ አታውቅም። የልጅቷን ፎቶ የማየው በእሷ ስልክ ላይ ነው። ደስ ባላት ቀን ታሳየኛለች፤ ደስ ባላላት ቀን ስልኩን ገልብጣ ጉልበቷ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ እኔም ትንሽ ቁጭ ብዬ እመለሳለሁ።